ድመቶቹ ከጠፉ በኋላ፦ የማኳሪ ደሴት የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩ

በሴፕቴምበር 2006 በማኳሪ ደሴት አንድ ተዳፋት ተናደ። ሉሲታኒያ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር የንጉሥ ፔንግዊኖች ሰፈር አለ። ናዳው ወደዚያ ወረደና የሰፈሩን አንድ ክፍል ጎዳ። ከዚያ በፊት ከባድ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ዝናብ ግን ለዚያ ደሴት ብርቅ አይደለም። ብርቁ ነገር የተዳፋቱ መራቆት ነው። ሣሩን ጥንቸል ጨርሶታል።

ጥንቸሎቹ ለምን ያን ያህል በዙ? ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ2000፣ የደሴቲቱ የመጨረሻዋ ድመት ተገድላ ነበር። ድመቶቹን ያጠፉት ደግሞ የባሕር ወፎችን ለማዳን የተነሱ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ስለ መጤ ዝርያዎች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ የድል ዜና ነው ወይ የጥፋት ዜና። የማኳሪ ታሪክ ግን ሁለቱም አለበት። በዚያ ላይ ሳይንቲስቶቹ በአደባባይ የተከራከሩበት፣ አንድ ዓመት ሙሉ የከሸፈበት፣ ከዚያም እንደገና ተጀምሮ ግቡን የመታ ሥራ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጽፈው የፈለግኩት። የሰው ስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱ ከየት መጣች

ማኳሪ የአውስትራሊያ ግዛት ናት። በታዝማኒያ ሥር ትተዳደራለች። ከሆባርት ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 1500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ወደ አንታርክቲካ ከሚወስደው መንገድ ግማሹ ማለት ነው። ርዝመቷ 34 ኪሎ ሜትር፣ ወርዷ ሰፋ በሚልበት 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቷ 128 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ዛፍ የሚባል ነገር የላትም። ነፋሱ አያባራም።

ይህች ደሴት ከሌሎች የምትለይበት ዋናው ነገር አፈጣጠሯ ነው። እሳተ ገሞራ የወለዳት አይደለችም። ከአህጉር ተገንጥላም አልቀረችም። የአውስትራሊያና የፓሲፊክ የመሬት ሰሌዳዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ የውቅያኖሱ ወለል ራሱ ተጨምቆ ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ እግርህ የሚረግጠው ድንጋይ ከባሕሩ ወለል በታች በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት የነበረ ነው። ከማንትል፣ ማለትም ከመሬት ቅርፊት በታች ካለው ክፍል፣ የመጣ ድንጋይ ሳይቀር በግላጭ ይታያል። በ1997 የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው በዋናነት በዚህ ነው። ወፎቿና ፔንግዊኖቿ በዚያ ላይ የተጨመሩ ሀብቶች ናቸው።

ደሴቲቱን ያወጣት ኃይል ዛሬም አላረፈም። በሜይ 23 ቀን 1989 በዚሁ የባሕር ውስጥ ሸንተረር ላይ መጠኑ 8.2 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ሲተሻሹ ከሚፈጠሩት መንቀጥቀጦች ውስጥ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ትልልቆቹ መካከል ነው። በዲሴምበር 23 ቀን 2004 ደግሞ ከደሴቲቱ በስተሰሜን መጠኑ 8.1 የሆነ ሌላ ደረሰ። ከሦስት ቀን በኋላ የሱማትራው መንቀጥቀጥና ሱናሚ ስለመጣ ዓለም ይህን ረሳው። የርዕደ መሬት ተመራማሪዎች ግን አልረሱትም። ሰሌዳዎች ተጋጭተው አንዱ ከሌላው ሥር መግባት የሚጀምረው እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄ ይህ አካባቢ ከምርጥ የመማሪያ ቦታዎች አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ደሴቲቱ ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዛ ስለማታውቅ በምድሯ ላይ የሚኖር አጥቢ እንስሳ አልነበራትም። በበረራ ወይም በባሕር የደረሰ ብቻ ነው የኖረባት። ወፎቹ መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ እንቁላል ሲጥሉ ሾልኮ የሚገባባቸው ጠላት አያውቁም ነበር። ሁለተኛ፣ ዳርቻዎቿ ቀጥ ያሉ ተዳፋቶች ናቸው፤ በየጊዜውም ይናወጣሉ። በእንደዚህ ያለ ቦታ አፈሩን ቆንጥጦ የያዘው የሣሩ ሥር ነው።

ከሰው ጋር የመጡት

በጁላይ 1810 አንዲት የአቆስጣ አዳኞች መርከብ ደሴቲቱን አገኘቻት። በኒው ሳውዝ ዌልስ አገረ ገዥ ስም ተሰየመች። ጸጉራማዎቹ አቆስጣዎች በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ተጨፍጭፈው አለቁ። ቀጥሎ ተራው የባሕር ዝሆን የሚባሉት ግዙፍ አቆስጣዎችና የፔንግዊኖቹ ሆነ። ለዘይት ሲባል በገፍ ተቀቀሉ።

ከአዳኞቹ ጋር ድመት፣ ትልቁ አይጥና ትንሹ የቤት አይጥ መጡ። በኋላ ዌካ የምትባል መብረር የማትችል ወፍ ከኒውዚላንድ አመጡ፤ ለምግብ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጥንቸል ተለቀቀ፤ እሱም ለምግብ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ታሪክ አለ። ደሴቲቱ የራሷ የሆነች፣ ሌላ ቦታ የማትገኝ አረንጓዴ በቀቀን ነበራት። ድመቶቹ ከመጡ በኋላ ይህች በቀቀን ለብዙ አሥርት ዓመታት አብራቸው ኖራለች። ጥንቸል ከተለቀቀ በኋላ ግን በአሥር ዓመት ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ጠፋች። ጥንቸል በቀቀን አይበላም። ታዲያ ምን ሆነ?

የተሰጠው ማብራሪያ ቀላልና አሳማኝ ነው። አብዛኞቹ የባሕር ወፎች በብርዱ ወቅት ደሴቲቱን ጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ድመቶቹ በዚያ ወቅት ይራቡ ነበር፤ ቁጥራቸውም በረሃብ ይገደብ ነበር። ጥንቸል ሲመጣ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ ሥጋ ተገኘ። ድመቶቹ በዙ። የበዙት ድመቶች በቀቀኗንም ጨረሷት። መሬት ላይ የምትኖር ሬይል የምትባል የደሴቲቱ ወፍም በዚያው ዘመን ጠፋች።

ይህ እንግዲህ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድመትና ጥንቸል በዚች ደሴት ላይ የተሳሰሩ መሆናቸውን ገና ያኔ አሳይቷል። በኋላ የሆነውን ስናይ ይህን እናስታውስ።

ቁንጫና ቫይረስ

ደሴቲቱ በ1933 የዱር እንስሳት መጠለያ ተባለች። በ1948 ቋሚ የምርምር ጣቢያ ተከፈተባት። ጥንቸሎቹ ግን መብላታቸውን ቀጠሉ። በተለይ የሚወዷቸው ሁለት ዕፅዋት ነበሩ። አንዱ በጉብታ ጉብታ የሚበቅል ረጅም ሣር ነው። ሌላው ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ የማኳሪ ጎመን የሚባል ተክል ነው። የጥንት አዳኞች ስኩርቪ የሚባለውን የቫይታሚን እጥረት በሽታ ለመከላከል ይበሉት ነበር።

በ1968 የጥንቸል ቁንጫ ወደ ደሴቲቱ ገባ። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቁንጫው በሽታ እንዲያስተላልፍ ነው የተፈለገው። ቁንጫው ከተራባ በኋላ በ1978 ሚክሶማ የተባለው የጥንቸል ቫይረስ ተለቀቀ። በዚያን ጊዜ የጥንቸሉ ቁጥር ወደ 130,000 ይገመት ነበር። በ1980ዎቹ ከ20,000 በታች ወረደ። ተዳፋቶቹ እንደገና ለመለሙ።

ትልቅ ስኬት ነበር። ግን ሁለት ድክመት ነበረበት። ቫይረሱ በየጊዜው እንደገና መለቀቅ ነበረበት፤ አንዴ ለቅቀኸው የምትሄደው ነገር አይደለም። ደግሞም ጥንቸሎች ከትውልድ ወደ ትውልድ እየለመዱት ይሄዳሉ። ጊዜ የሚገዛ መድኃኒት እንጂ በሽታውን የሚነቅል አልነበረም።

ድመቶቹን የማጥፋት ሥራ

ድመቶቹ በዓመት ወደ 60,000 የሚጠጉ የባሕር ወፎችን ይገድላሉ ተብሎ ይገመት ነበር። ከ1985 ጀምሮ ዘመቻው ተጠናከረ። በወጥመድ፣ በጥይትና በመርዝ ተሠራ። አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። የመጨረሻዋ ድመት በጁን 2000 ተገደለች። ዌካዎቹም በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ጠፍተው ነበር።

ይህን ያህል ስፋት ካለው፣ ነፋስና ዝናብ ከማይለየው ቦታ ላይ ሁሉንም ድመት ማጥፋት ቀላል ነገር አይደለም። ውጤቱም ቶሎ ታየ። ግራጫ ፔትረል የሚባሉት ወፎች ከብዙ ዓመታት መጥፋት በኋላ ደሴቲቱ ላይ መራባት ጀመሩ። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በኋላ የመጣው ችግር የድመቶቹ ሥራ ስህተት ነበር ወደሚል ድምዳሜ ብዙ ሰው ወስዷል። እኔ እንደዚያ አላይም። ስህተቱ ብቻውን መሠራቱ ነው።

ተዳፋቱ ሲራቆት

ከ2000 በኋላ ጥንቸሉ ፈጥኖ በዛ። በ2006 ገደማ ቁጥሩ ወደ ድሮው፣ ወደ 130,000 አካባቢ ተመልሶ ነበር። በዚያው ጊዜ የሚክሶማው ክምችትም እያለቀ ነበር። ቫይረሱን የሚያመርተው አልተገኘም።

በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ከሳተላይት የተነሱ ምስሎችንና በመሬት ላይ በየጊዜው የሚለኩ ቦታዎችን አመሳክሮ ጉዳቱን አሰላ። ከ2000 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከደሴቲቱ ስፋት 40 በመቶ ገደማው ላይ ለውጥ ታይቷል። ወደ 20 በመቶ የሚጠጋው ላይ ለውጡ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ነበር። ረጅሙ ሣር ተግጦ አጭር ሣር ቦታውን ያዘ። ጎመኑ ከብዙ ተዳፋት ጠፋ። ጥንቸሎቹ ሥር ይበላሉ፣ ጉድጓድም ይቆፍራሉ፤ ስለዚህ አፈሩ ከላይም ከታችም ተፈታ።

ወፎቹም ዳፋው ደረሰባቸው። ጉድጓዳቸውን የሚከልለው ሣር ሲጠፋ ጫጩቶቻቸው ለዝናብና ለአጥቂ ወፍ ተጋለጡ። አልባትሮስ የሚባሉት ትላልቅ የባሕር ወፎች ጎጆ የሚሠሩባቸው ተዳፋቶች ተሸረሸሩ። በዚህ መሃል ነው የ2006ቱ ናዳ የወረደው።

ክርክሩ

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ ደረስን። ጥንቸሉን ማን አበዛው?

የ2009ኙ ጥናት ያለው የሚከተለውን ነው። ድመቶቹ ጥንቸል በተለይም ግልገል ይበሉ ነበር። ድመት ሲጠፋ ጥንቸል በዛ፤ ያውም ሚክሶማ እየተለቀቀ። ስለዚህ ድመቶቹን ማጥፋት ያልታሰበ ሰንሰለት ቀሰቀሰ።

በዚያው ዓመት ሌሎች ባለሙያዎች የተቃውሞ ጽሑፍ አሳተሙ። እነሱ ደግሞ ዋናው ምክንያት የቫይረሱ መዳከም ነው አሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ፤ ማንም ሰው ሊያመዛዝነው ይችላል። በ1978 ደሴቲቱ ላይ ድመት ሞልቶ ነበር። ጥንቸሉም 130,000 ነበር። ድመት ጥንቸልን መግታት የሚችል ከሆነ ያኔ ለምን አልገታም?

እኔ ሁለቱንም ደጋግሜ ሳነብ የሚታየኝ መልስ እንዲህ ነው። ድመት የበዛን ጥንቸል ማሳነስ አይችልም። በሌላ ነገር ያነሰን ጥንቸል ግን አንሶ እንዲቆይ ሊያግዝ ይችላል። ቫይረሱ ቁጥሩን አወረደ፤ ድመቶቹ እንዳይነሳ ተጫኑት። በ2000 አንዱ እጅ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሌላውም ዛለ። ሁለቱም በአንድ ዘመን ስለሆኑ የእያንዳንዱን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት ከባድ ነው።

የናዳው ጥያቄም ይህንኑ ይመስላል። ለ2006ቱ ናዳ የተሰጠው ምክንያት ከባድ የጸደይ ዝናብና ጥንቸል ያራቆተው ተዳፋት ነው። ናዳው ከመውረዱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ ያ የ8.1 መንቀጥቀጥ ነበር። ይህን ስል መንቀጥቀጡ ናዳውን አመጣ ማለቴ አይደለም። ለማለት የፈለግኩት ተዳፋት የሚናድበት ምክንያት በዚች ደሴት ላይ ከአንድ በላይ መሆኑን ነው። ጥንቸል ከመምጣቱ በፊትም ደሴቲቱ ትናድ ነበር፤ መሬቱ እየተገፋ የሚነሳ፣ የሚናወጥና በዝናብ የሚርስ ነውና። ጥንቸሉ ያደረገው ከድሮው ናዳ ላይ መጨመር ነው። ምን ያህል እንደጨመረ ለማወቅ የናዳዎቹ ቀን፣ የዝናቡ ልክ፣ የመንቀጥቀጡ መዝገብና የሣሩ ፎቶ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ደሴቲቱ ላይ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። የዕፅዋት ባለሙያውና የርዕደ መሬት ባለሙያው ግን መዝገቦቻቸውን ካላገናኙ ለዚህ ጥያቄ አይጠቅምም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ

የአውስትራሊያና የታዝማኒያ መንግሥታት በ2007 ተስማሙ። 24.6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደቡ። ዓላማው ጥንቸልን፣ አይጥንና የቤት አይጥን በአንድ ዘመቻ ከደሴቲቱ ማጥፋት ነበር።

ሦስቱ አብረው የተመረጡበት ምክንያት ካለፈው የተማሩት ነው። ጥንቸልን ብቻ ቢያጠፉ ሣሩ ያድጋል፤ ዘሩ ይበዛል፤ ዘር የሚበሉት አይጦች ይፈነጥዛሉ። አይጦቹ ደግሞ እንቁላልና ጫጩት ይበላሉ። ድመት ከሌለ የሚከለክላቸው የለም። በተለይ ትላልቆቹን አይጦች ብቻ ብታጠፋ ትንንሾቹ ቦታውን ይወርሳሉ። ስለዚህ ወይ ሁሉም ወይ ምንም።

ዘዴው ብሮዲፋኩም የተባለ መርዝ ያለበትን እንክብል በሄሊኮፕተር መበተን ነበር። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። እንስሳው የሚሞተው ከቀናት በኋላ ስለሆነ መብላቱን አይፈራም። ሄሊኮፕተሮቹ በጂፒኤስ እየተመሩ ደሴቲቱን በመስመር ይሸፍናሉ። አንድ የአይጥ ግዛት ሳይነካ ቢቀር ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። አንዲት ያረገዘች አይጥ ብቻዋን ደሴቲቱን እንደገና ትሞላለች።

ጊዜው የብርዱ ወቅት እንዲሆን ተወሰነ። ብዙዎቹ ወፎች ያኔ ባሕር ላይ ናቸው። ጥንቸልና አይጥ ደግሞ ይርባቸዋል፤ የተገኘውን ይበላሉ።

ያልተሳካው ዓመት

በ2010 ቡድኑ ደሴቲቱ ላይ ደረሰ። የአየሩ ጠባይ ግን እምቢ አለ። ነፋስና ዝቅ ያለ ደመና ሄሊኮፕተሮቹን ከመሬት አስቀራቸው። ሥራው ሲቋረጥ የተሸፈነው ከደሴቲቱ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም።

በዚያ ትንሽ ቦታ ላይ ግን ከባድ ነገር ታየ። ወደ 1000 የሚጠጉ የደሴቲቱ ወፎች ሞቱ። የባሕር ጋሎች፣ ግዙፍ ፔትረሎችና ስኩዋዎች ነበሩ። ጋሎቹ እንክብሉን በቀጥታ በሉ። ሌሎቹ የተመረዘ ጥንቸል ሬሳ ነው የበሉት።

እዚህ ላይ ሥራውን ለዘለዓለም ማቆም ይቻል ነበር። ወይም ደግሞ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ በሚቀጥለው ዓመት መድገም። ሁለቱንም አላደረጉም። መንግሥት የወፎቹን ሞት ጉዳይ አስመረመረ፤ ዕቅዱም ተከለሰ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ እኔ በጣም የማከብረው ይህን ውሳኔ ነው። የከሸፈውን ዓመት ሬሳ በሬሳ ቆጠሩት፤ ከቆጠራው ተነስተውም ዘዴውን ቀየሩ።

2011፦ ምን ተቀየረ

ዋናው ለውጥ ቀላል ሐሳብ ነው። ወፎቹን የገደላቸው የተመረዘ ሬሳ ከሆነ፣ መርዙ ከመበተኑ በፊት ጥንቸሉን በሌላ ነገር አሳንሰው። በፌብሩዋሪ 2011 ካሊሲ የተባለ ሌላ የጥንቸል ቫይረስ ተለቀቀ። ይህ ቫይረስ ፈጥኖ ይገድላል፤ ወፍ አይጎዳም። ከጥንቸሎቹ ከአሥር ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ እንደሞቱ ይገመታል። ስለዚህ መርዙ ሲመጣ የሚመረዘው ጥንቸል ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ሬሳ ለቃሚዎች ናቸው። ሰዎች ተዳፋት ለተዳፋት እየዞሩ የሞቱትን እንስሳት ሰበሰቡ፤ ወፎቹ እንዳያገኟቸው። አድካሚ ሥራ ነው። ነፋሱን፣ ጭቃውንና የተዳፋቱን ቁልቁለት አስቡት።

በሜይና በጁላይ 2011 መካከል ደሴቲቱ በሙሉ ሁለት ጊዜ ተሸፈነች። በዚያ ዓመትስ አየሩ ተባበረ። የወፍ ሞት ግን አልቀረም። የሁለቱ ዓመት ድምር ከ2000 በላይ ነው። ይህ ብዙ ነው። የሥራው ውጤት ቢያምርም ይህን ቁጥር ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም።

ውሾቹ

መርዙ ሁሉንም ጥንቸል እንደማይገድል ዕቅዱ ላይ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ አዳኞችና የሠለጠኑ ውሾች ተከተሉ። ውሾቹ የጥንቸልን ሽታ ተከትለው እንዲሄዱ፣ ፔንግዊንና አቆስጣ ሲያዩ ደግሞ ዝም ብለው እንዲያልፉ የተማሩ ናቸው። ውሻ ካለበት ቤት ያደገ ሰው ሁለተኛው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል።

ከመቶ ሺህ በላይ ከነበረው ጥንቸል መርዙን ተርፎ የተገኘው 13 ብቻ ነው። የመጨረሻው በኖቬምበር 2011 ተገደለ። ሥራው ግን ያኔ አላቆመም። ከሁለት ዓመት በላይ ፍለጋው ቀጠለ። የአይጥ ሽታ የሚለዩ ውሾችም መጡ። አዳኞቹ በጠቅላላ ወደ 92,000 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘዋል። በምድር ወገብ ዙሪያ ምድርን ሁለት ጊዜ ከመዞር ይበልጣል። አብዛኛው ጉዞ ምንም ያልተገኘበት ነው። ምንም አለመገኘቱን ማረጋገጥ ራሱ ሥራው ነበር።

በአፕሪል 2014 ደሴቲቱ ከጥንቸል፣ ከአይጥና ከቤት አይጥ ነፃ መሆኗ በይፋ ተነገረ።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ደሴት ምን ይወሰዳል? ከሁሉ በላይ የሚመስለኝ ቅደም ተከተል ነው። መጤ ዝርያዎች አንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ አብረው ከኖሩ ይተሳሰራሉ። አንዱን ከማውጣትህ በፊት እሱ ምን ይበላል፣ ማን ይበላዋል፣ ሲሄድ ማን ይፈነጥዛል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። በማኳሪ ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። የበቀቀኗ ታሪክ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የተደገመው ያው ትስስር ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል።

ቀጥሎ፣ ዕቅድህ በአንድ አቅርቦት ላይ ከተንጠለጠለ ያ አቅርቦት መቼ እንደሚያልቅ እወቅ። ሚክሶማው ማለቁ አይቀሬ ነበር። ድመቶቹን የማጥፋት ሥራ ሲጠናቀቅ ቫይረሱን የሚተካ ሌላ ጥንቸል መግቻ መንገድ ዝግጁ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የተወሰነው ጉዳት ይቀር ነበር።

መረጃን በተመለከተ፣ የ2009ኙ ክርክር ሊካሄድ የቻለው ፎቶና መለኪያ ቀድሞ ስለነበረ ነው። አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው መፈተሽ ቻለ። ከርዕደ መሬት ምርምር መማር የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። የርዕደ መሬት ተመራማሪ መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ በፊት መሣሪያውን ይተክላል። ከ1989 እና ከ2004 በኋላ ሩቅ ካሉ ጣቢያዎች ብቻ መስማት እንደማይበቃ ስለታወቀ፣ በ2020 ተመራማሪዎች በማኳሪ ዙሪያ የውቅያኖሱ ወለል ላይ መሣሪያ አውርደው አስቀመጡ። መጤ ዝርያን የማጥፋት ሥራም እንደዚህ መሆን አለበት። ከዘመቻው ዓመታት በፊት መለካት ይጀመር፤ ከዘመቻው ዓመታት በኋላም ይቀጥል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በጀቱ አንድ የከሸፈ ዓመትን የሚሸከም ካልሆነ ሥራውን አለመጀመር ይሻላል። ማኳሪ 2010ን ተሸክማ አልፋለች። ሁሉም ደሴት ግን አይሳካለትም። በደቡብ አትላንቲክ በጎፍ ደሴት በ2021 የአልባትሮስ ጫጩት የሚበሉ የቤት አይጦችን ለማጥፋት ተመሳሳይ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ የቤት አይጥ በሕይወት ታየ።

ተዳፋቱ አሁን

ሣሩ ተመልሷል። ጎመኑም ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ተዳፋቶቹን እየሸፈነ ነው። ሰማያዊ ፔትረሎች ለረጅም ጊዜ አይጥ በማይደርስባቸው፣ ከዳርቻው ተነጥለው በቆሙ ዐለቶች ላይ ብቻ ነበር የሚዋለዱት። አሁን ወደ ዋናው ደሴት ተመልሰው ጉድጓድ ይቆፍራሉ።

ያልተፈቱ ነገሮችም አሉ። ስኩዋዎቹ ጥንቸል መብላት ለምደው ነበር፤ ጥንቸሉ ሲጠፋ የሚዋለዱት ጥንዶች ቁጥር ቀንሷል። ይህም የዚያው ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው። ከአውሮፓ የመጣው አንድ ዓይነት ሣር አሁንም አለ። ከፍታው ላይ ደግሞ አዞሬላ የተባለ፣ መሬት ላይ እንደ ትራስ የሚዘረጋ፣ ማኳሪ ላይ ብቻ የሚገኝ ተክል አለ። ከ2008 ጀምሮ በሰፊው ሲደርቅ ታይቷል። በ2010 በጣም ለጥፋት ከተጋለጡት መካከል ተመዘገበ። የሚጠረጠረው የአየሩ መለወጥና ተክሉን የሚያጠቁ ተሕዋስያን ናቸው። ጥንቸል ያላደረሰው ጉዳት ስለሆነ ጥንቸልን ማጥፋት አላዳነውም። ጣቢያው ላይ ያሉ ሰዎች የዚህን ተክል ችግኝ እያፈሉ፣ በየቦታው ያለውንም እየቆጠሩ ነው።